የኬዝያ በር ጠፍር

በዚያ ዘመን ከኦሃዮ ወንዝ በስተደቡብ የሚኖር ሰው ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የግንድ ጎጆው በር ከውስጥ የእንጨት መወርወሪያ አለው፤ መወርወሪያው ላይ የአጋዘን ቆዳ ጠፍር ይታሰራል፤ ጠፍሩም በሩ ላይ በተበሳች ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ውጪ ይንጠለጠላል። የመጣ ሰው ጠፍሩን ሳብ ሲያደርገው መወርወሪያው ይነሣና በሩ ይከፈታል። ጠፍሩ ውጪ ከሆነ ግባ ማለት ነው። ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግሞ ማንም ሁን ማን፣ ሂድ ማለት ነው። ልጃገረዶች እንኳ ለጠያቂያቸው የሚመልሱት በዚሁ ነበር፤ ጠፍሩ ሲሳብበት ያየ ጎረምሳ ሁለተኛ ያንን ደጅ አይረግጥም።

ኬዝያ ከአባቷ ከማላካይ ጋር ከሰፋሪዎቹ ምሽግ ወጣ ብላ በተሠራች ጎጆ ትኖር ነበር። እናቷ የሞተችው እዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። ኬዝያ ገና ልጅ ሳለች፣ አንድ ማለዳ፣ ከውጪ አንድ ሰው በራሳቸው ቋንቋ «ቆስያለሁ፣ ውሃ አጠጡኝ» ብሎ ተጣራ። እናቷ ሆደ ቡቡ ነበረችና ከፈተች። የተጣራው ሰው ነጭ ነበር፤ ከጀርባው ያደፈጡት ግን ከወንዙ ማዶ ለጦርነት የወጡ የአገሩ ነባር ሰዎች ነበሩ። ኬዝያ አልጋ ሥር ሆና ያየችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር፣ ጠፍር ከገባ በኋላ የገዛ ወንድም ቢጠራ እንኳ በር አይከፈትም።

ጋቪንን ያወቀችው አንድ የመከር ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በቆሎ ስትፈለፍል የሆነ ነገር ብርሃኑን ከለለባት። በግንዶቹ ስንጥቅ አጮልቃ ብታይ፣ አንድ ረጅም ጎረምሳ ግማሽ አጋዘን በትከሻው ተሸክሞ በሩ ፊት ለፊት ተገትሯል። አይጣራም፣ አያንኳኳም። ጠፍሩ አፍንጫው ሥር ተንጠልጥሏል። እሷ ጠበቀች። እሱም ጠበቀ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አልቆ በሩን በረገደችው።

«ጠፍሩ ውጪ ነው እኮ። ምን ትጠብቃለህ?»

«የሚከፍትልኝ ሰው።»

«እጅ የለህም?»

«አለኝ፤ አጋዘኑን ይዞብኛል።»

ኬዝያ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቀች። ያ ሳቅ በኋላ ብዙ ነገር አስከፈላት፤ እሷ ግን እስክትሞት አልተጸጸተችበትም።

ጋቪን ገና በጉርምስናው አደን ወጥቶ ከወንዙ ማዶ ባሉት ነባር ሰዎች፣ በሾኒዎች ተማርኮ፣ ዓመታት ከእነሱ ጋር ኖሮ፣ በምርኮኛ ልውውጥ የተመለሰ ሰው ነው። መንደራቸው ሲገባ ዱላ በያዙ ሁለት ረድፍ ሰዎች መካከል እየደበደቡ አስሩጠውታል፤ ግራ እግሩን ሳብ የሚያደርገው ከዚያ ወዲህ ነው። ሲነጋ ግን ልጇ የሞተባት አንዲት ሴት ወንዝ አውርዳ አጠበችው፤ የልጇን ስም፣ የልጇን መኝታ፣ የልጇን የምግብ ሳህን ሰጠችው። በቃ፣ ልጇ ሆነ። እሱም ኒክያ ይላታል፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። እዚያ በር የሚሆነው የተንጠለጠለ ቆዳ ነው፤ አይንኳኳም፤ እሱም በኒክያ ደጅ፣ እስኪያዩት ዝም ብሎ መቆምን ለምዷል። የምሽጉ ሰዎች «ግማሽ ሾኒ» ይሉታል። የሚያመጣውን ሥጋ ግን ሙሉውን ነበር የሚበሉት።

ክረምቱን ሲመላለስ ከረመ። የጣራውን ቀዳዳ ደፈነ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ማላካይ ሲያጉረመርም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ኬዝያ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ስትሰፋ ቀና ስትል ዓይኑን ትይዘዋለች፤ እሱም ዓይኑን ወደ እሳቱ ይመልሳል፣ እሳት አይቶ የማያውቅ ይመስል። አንድ ቀን ስለዚያች ሴት ጠየቀችው።

«ትናፍቅሃለች?»

«ምግቧ አይናፍቀኝም፤ ሁሉን በድብ ሞራ ነው የምትሠራው። እሷ ግን...» አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፋ አደረገ። «ባየችኝ ቁጥር ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ 'ከስተሃል' ትለኛለች። ጠግቤ ስነሣም እንኳ።»

በሾኒ ቋንቋ እንዴት እንደምትለው አስተማራት። ኬዝያ ቃሉን እየደጋገመች ክንዱን ስትቆነጥጠው ማላካይ ከጥግ ሆኖ አፍጥጦ አያቸው፤ ከዚያ ወደ ትምባሆ ፒፓው ተመለሰ። ይህም በእሱ ዘንድ እንደ ምርቃት የሚቆጠር ነበር።

በጸደይ ሎክሌር የሚባል ሰው ከምሥራቅ መጣ። የአንድ የመሬት ማኅበር ወኪል ነው፤ ነጭ ፈረስ፣ ለስላሳ እጅ፣ ለስላሳ አንደበት። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለውን ለም መሬት ገና ሳይረግጠው በካርታ ሸንሽኖታል። ሾኒዎች በቆሎ እየዘሩበት ግን ማንም አይገዛውም። ስለዚህ ጦርነት ያስፈልገው ነበር፤ ብዙም አልጠበቀ። ማንነታቸው ያልታወቀ አዳኞች ወንዙ ላይ የሾኒ ሰዎችን ገደሉ፤ ማዶ ለቅሶ ሆነ፣ ወዲህ ደግሞ ፍርሃት። ሎክሌር ከጎጆ ጎጆ እየዞረ፣ ሳይቀድሙን እንቅደማቸው ይል ጀመር።

የምሽጉ አዛዥ ግን ጦር የጠገበ ሽማግሌ ነው። የምትመጣው ጨረቃ ሙሉ ሆና በነጋታው ፀሐይ እስክትወጣ እጠብቃለሁ አለ፤ እስከዚያ ከሾኒዎቹ ነጭ የዛጎል መቀነት ከመጣልኝ፣ ማለትም ሰላም ካሉ፣ አንድም ሰው ወንዙን አይሻገርም። ቀይ የተቀባ መቀነት ከመጣ ወይም ምንም ካልመጣ ግን እዘምታለሁ። መቀነቱን ሊያመጣ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነበር። አዛዡ ጋቪንን ለብቻው ወስዶ፣ ስትመለስ ብቻህን ምሽጉ በር ላይ እንዳትታይ፣ ወጣቶቹ ይተኩሱብሃል፤ የማላካይ ልጅ ከጎንህ ትሁን፣ እሷ ላይ የሚተኩስ የለም፣ ብሎ መከረው።

ሊሄድ ሲል ኬዝያ እስከ ጫካው ጥግ ሸኘችው። መቼም ያን ዕለት የሚነገር ሞልቶ ነበር፤ ሁለቱም ግን ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ አወሩ። በመጨረሻ ቆመ።

«መጀመሪያ የምመጣው ወደ አንቺ ነው። አብረን ወደ ምሽጉ እንሄዳለን። ከዚያ ቄስ ባይመጣም አባትሽን እጠይቃለሁ።»

«እሺ የምልህ ማን ነግሮህ?»

«ጠፍሩ ይነግረኛል።» ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «ኬዝያ፣ እናትሽ እንዴት እንደሞተች አውቃለሁ። ከደጅ ሆኜ ድምፄን አሰምቼ አልጠራሽም፤ መቼም ቢሆን። ጠፍሩ ውጪ ከሆነ እገባለሁ። ከገባ ደግሞ መልስሽን አውቄ እሄዳለሁ።»

ከዚህ የበለጠ ደግ ቃል ሰው ነግሯት አያውቅም። ግንባሯን ደረቱ ላይ አድርጋ ቆየች፤ የጭስና የአጋዘን ቆዳ ሽታ ነበረው። ጠፍሩ ቀንም ሌትም ውጪ ይሆናል አለችው። እሱም እግሩን ሳብ እያደረገ ዛፎቹ መሃል ገባ።

ቃሏን ጠበቀች። ሲመሽ አባቷ ጠፍሩን ሲስበው ቆይታ ትመልሰዋለች፤ ጠዋት ይጨቃጨቃሉ። ቀናቱ ሲገፉ፣ ጨረቃዋ ልትሞላ ስትቃረብ፣ ሎክሌር ባሩድ ይዞ ጎጆዋ መጣ። ሲገባ ጠፍሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሽ አየው። ከተቀመጠ በኋላ፣ ለመናገር እየከበደው በሚመስል ድምፅ ማላካይን አናገረ።

«መናገሩ ደስ አይለኝም። ቃፊራችን የጋቪንን ፊት ቀይ ቀለም ተቀብቶ አይቶታል። ፀጉሩን ተላጭቷል። ከጦረኞቹ ጋር ሲጨፍር ነው ያየው።» ከዚያ ወደ ኬዝያ ዞረ። «እናትሽን የጠራት ሰውም እንደኛ ነጭ ነበር አሉ።»

ማላካይ ቀና ብሎ አላያትም። ኬዝያ ውሸት ነው አለች። ሎክሌርም ውሸት ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ ብሎ ወጣ። የማይከራከርን ሰው ማሸነፍ ከባድ ነው። ቃፊር የሚባል ሰው እንዳልነበረ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

አላመነችውም። ግን አልጋ ሥር የተደበቀችው ትንሽ ልጅ ሰምታዋለች፤ እሷን ማሳመን ቀላል ነበር።

ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ቀን ማላካይ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ምሽጉ ሄደ፤ ወንዶቹ ሁሉ ተጠርተዋል። ኬዝያ አልሄድም፣ ጋቪንን እዚሁ እጠብቃለሁ አለች። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ጉም ወንዙን ሞልቶ እስከ ደጇ ደርሶ ነበር። ውሻቸው አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ከዚያ እርጥብ ቅጠል ላይ ኮቴ ሰማች። ኮቴው በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

የሚናገር የለም።

ጋቪን እንደማይጠራት ታውቅ ነበር። ዝምታው ራሱ ስሙን የነገራት ያህል መሆን ነበረበት። ውሻውም ዝም ያለው የሚያውቀው ሰው ቢሆን ነው። ይህን ሁሉ በኋላ አሰበችው። በዚያች ሰዓት ግን የታያት ቀይ የተቀባ ፊት ነው፤ የታያት የእናቷ ባዶ እግር ደጃፉ ላይ ነው። እጇ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። ጠፍሩን ሳበችው፤ ወደ ውስጥ ገባ፤ መጥረቢያውን አንሥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

 አንድ ነገር በሩን ዳሰስ ያደረገ መሰላት። ከዚያ ኮቴው ራቀ።

ፀሐይ ወጥታ ጉሙ እስኪሳሳ መጥረቢያውን እንደታቀፈች ተቀመጠች። በኋላ በሩን በቀስታ ከፈተች። ዕቃ የሚሰቀልበት ችካል ላይ፣ ወርድና ርዝመቱ የሰው ክንድ የሚያህል ነጭ የዛጎል መቀነት ተንጠልጥሏል። ጭቃው ላይ የአንድ ሰው ብቻ ዱካ አለ፤ ግራው እግር መሬቱን ፋቅ አድርጎታል።

ኬዝያ አልጮኸችም። ጠፍሩን ከመወርወሪያው በቢላ ቆርጣ እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ መቀነቱን ትከሻዋ ላይ ጣለችው፣ ዱካውን ተከትላ ሮጠች።

ወንዙ ዳር ታንኳውን ሲገፋ ደረሰችበት። ፊቱ ቀለም አልነካውም። ፀጉሩም እንደ ድሮው ዓይኑ ላይ ወድቋል። ሲያያት እጁን ከታንኳው ላይ አነሣ።

«ስደርስ ውጪ ነበር» አለ። «እጄን ስዘረጋ እንደ አይጥ ጅራት ሹልክ ብሎ ገባ።»

«አንተ መሆንህን አላወቅኩም።»

«መልስሽ መሰለኝ።»

«ለምን አልጠራኸኝም? ስሜን ብቻ። አንድ ጊዜ።»

«አልጠራሽም ብዬሽ ነበራ።» ወቀሳ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ። «ብጠራሽስ ትከፍቺልኝ ነበር?»

እዚያ ላይ መዋሸት ይቻላት ነበር። አሁን ሲታሰብ ውሸቱ ማንንም ባልጎዳ።

«አላውቅም» አለች።

ጋቪን ራሱን ነቀነቀ። ወደ እሱ ሳባትና ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ።  ቆይታ አሁኑኑ ወደ ምሽጉ እንሂድ ብላ ክንዱን ስትጎትተው አልተንቀሳቀሰም። ከበሯ እንደተመለሰ ኮረብታው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጉሙ ሲገለጥ ምናልባት ከፍታ መቀነቱን ታይ እንደሆነ እየጠበቀ። ያየው ግን ሌላ ነው። ፀሐይ እንደወጣች የምሽጉ በር ተከፈተ፤ ሎክሌር ነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ፣ በላይኛው መሻገሪያ ወንዙን ተሻገሩ። አዛዡ ቃሉን ጠብቋል። የሰላሙ መቀነት በዚያች ሰዓት የኬዝያ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«ኒክያ እዚያ ናት» አለ። «ልጆች አሉ። ሰላም ብላችሁ ተኙ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ኬዝያ። እኔ ነኝ ያልኳቸው።»

ልሂድ አብሬህ አለችው። እሱ ግን መቀነቱን ይዛ ጦሩን እንድትከተል፣ አባቷ መሃላቸው ስላለ ምናልባት ይሰሟት እንደሆነ ለመናት። እሱ በታንኳ ይቀድማቸዋል። ክርክር የሚሆንበት ጊዜ አልነበረም፤ እሷም እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ጠፍሩን ከእጇ ፈትታ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

«ይኸው። ከእንግዲህ ማንም ወደ ውስጥ አይስበውም። በሩ ላይ የቀረው ቀዳዳው ብቻ ነው። ስትመጣ ገፍተህ ግባ።»

«አጋዘን ብሸከምስ?»

«በትከሻህ ግፋው።»

ፈገግ አለ። ታንኳው ውሃው ላይ ሲንሸራተት ዞሮ አላያትም፤ መቅዘፍ ነበረበት።

ኬዝያ ጦሩን የደረሰችበት ከቀትር በኋላ ነው፤ እግሯ በእሾህ ተሸረካክቶ ነበር። መቀነቱን በሰው ሁሉ ፊት ዘርግታ፣ ሰላም ነው ያሉት፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁት አለች። ሎክሌር ከፈረሱ ወርዶ በሁለት እጁ ተቀበላት። ዛጎሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ቆንጆ ሥራ ነው» አለ። «ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቢደርስ ጥሩ ነበር።» አጣጥፎ ኮርቻው ከረጢት ውስጥ ከተተው።

ኬዝያ አባቷን አየች። ማላካይ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሁለት ሰዎች ወደ ኋላ መልሷት ተብለው ክንዷን ይዘው መለሷት።

ማላካይ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ልብሱ የተቃጠለ በቆሎ ይሸት ነበር። ቀዳዳው ባዶ የሆነውን በር አየው፤ ጠፍሩ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። እሳቱ አጠገብ ተቀምጦ የሾኒዎቹ መንደር ባዶ እንደነበር ነገራት። አንድ ሰው ቀድሞ ነግሯቸው ሴቶቹና ልጆቹ በገደሉ መተላለፊያ እየወጡ ነበር። የቀረው ጎጆና ማሳ ብቻ ነው፤ እሱን አቃጠሉት።

«መተላለፊያው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ነበር» አለ። «እነሱ እስኪያልፉ አላሳልፍ አለን።»

«አንካሳ ነበር?»

ማላካይ እሳቱን ቆሰቆሰ።

«በምን ልወቅ? አልሸሸም፤ አንድ ቦታ ቆሞ ነው የቀረው።»

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሡም።

ማኅበሩ መሬቱን ሸንሽኖ ሸጠ። ሎክሌር ሸምግሎ፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከብቦት፣ አልጋው ላይ ሞተ፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚሞቱት እንደዚያ ነው። ማላካይም አለፈ። ኬዝያን ለትዳር የጠየቁ ነበሩ፤ እንቢ አለች። በሯን ግን ቀንም ሆነ ሌሊት አልዘጋችም። መወርወሪያውን ሳታሳርፍ ገርበብ አድርጋው ታድራለች። ጎረቤቶቿ፣ ጠላት ቢመጣብሽስ፣ አበድሽ እንዴ ይሏታል። ይምጣ ትላቸዋለች። እኔ በሬን የምፈራው ሲዘጋ ነው።

ጠጉሯ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ የመከር ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ንፋስ ስለነበረ በሩ ተገጥሞ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። የሆነ ነገር ብርሃኑን ከለለባት። የሚጣራ የለም፣ የሚያንኳኳ የለም። ፍሬው ከእጇ ላይ ተበተነ። በስንጥቁ ለማየት እንኳ ፈራች፣ እዚያ እንደሌለ እያወቀች። ቢሆንም ተነሥታ ከፈተች።

አንዲት ጎበጥ ያለች የሾኒ አሮጊት፣ ያረጀ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እንዲያዩዋት ቆማ ትጠብቃለች። ግቢ ብትላት አልገባችም። በሩን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ጣቷ ቀዳዳውን እስኪያገኝ ፈለገች። ከዚያ አንገቷ ላይ የነበረውን ጠፍር በቀስታ ፈታች። ጠቁሯል፣ ደርቋል፤ አንዱ ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ነው።

ከውጪ በኩል በቀዳዳው አስገባችው። ኬዝያ ጫፉን ከውስጥ ተቀበለች፤ እንባዋ እያስቸገራት መወርወሪያው ላይ አሰረችው። በሩን በመሃላቸው ዘጉት። አሮጊቷ ከውጪ ሳበችው። መወርወሪያው ተነሣ፤ በሩ ተከፈተ።

«ኒክያ» አለች ኬዝያ። «ይግቡ።»

አሮጊቷ ገባች። እሳቱ አጠገብ ቆማ ኬዝያን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ክንዷን ቆንጠጥ አደረገች፣ አንዲት ቃል ተናገረች። ኬዝያ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንደኛዋን አሁን ተናግራታለች፤ ይቺ ሁለተኛዋ ነበረች። ከስተሻል።

የበቆሎውን ቂጣ ከፍሟ ላይ አወጣችና ቆረሰችላት። ቀስ እያሉ፣ ሳይነጋገሩ በሉ። ያን ዕለት ጠፍሩ ውጪ እንደተንጠለጠለ አደረ።